«አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ»፦ ታፍኖ የኖረን ድምፅ መልሶ ስለ ማግኘት

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ለትምህርት ቤት በዓል መዝሙር ስንለማመድ መምህሩ በረድፋችን መሀል ቀስ ብለው እያለፉ ጆሯቸውን ወደየአፋችን ያስጠጉ ነበር። እኔ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ጥቂት አዳመጡ። አልተቆጡም፤ እንዲያውም ፈገግ አሉ። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «የኔ ጌታ፣ አንተ አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ» አሉኝ። በበዓሉ ቀን ከልጆቹ ሁሉ አፌን አሳምሬ የከፈትኩት እኔ ነበርኩ፤ ድምፅ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ገደማ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ፣ በልደትም በሠርግም በጸሎትም፣ አፌን ብቻ እያንቀሳቀስኩ ኖርኩ።

ይህን ስናገር የሚሰማኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይስቅም። ትንሽ ዝም ይልና የራሱን ያወጣል። አንዷን ታላቅ እኅቷ «እባክሽ በሩን ዝጊልን» ብላታለች። ሌላው ከኋላ ወንበር ሲያንጎራጉር አባቱ የመኪናውን ሬዲዮ ከፍ አድርገውበታል። የተናገረው ሰው ወዲያው ረስቶታል፤ የተነገረው ግን ክፍሉን፣ ሰዓቱን፣ ለብሶት የነበረውን ሹራብ ሳይቀር ያስታውሳል። አማርኛችን ለጉሮሮውም ለምርጫውም «ድምፅ» የሚለውን አንድ ቃል መጠቀሙ አንዳንዴ ያስገርመኛል፤ በልጅነቱ ድምፁን የተነፈገ ሰው በሰው መሀል ያለው ድርሻም አብሮ የተነሣበት ያህል ይሰማዋልና።

ሰሞኑን ይህ የተነፈገ ድምፅ ገበያ አግኝቷል። ማኅበራዊ ሚዲያው «በገዛ ድምፅህ ተፈወስ» በሚሉ ሥልጠናዎች፣ በዝማሬ ክበቦች፣ በማንጎራጎሪያ መተግበሪያዎች ተሞልቷል። አንዱ ጭንቀት በአሥር ደቂቃ እንጉርጉሮ ይጠፋል ይላል። ሌላው ቬገስ የሚባለውን፣ ከአንጎል ወደ ልብና ወደ ሆድ የሚወርደውን ነርቭ «ስለ ማንቃት» ያስተምራል። ሦስተኛው በ528 ኸርዝ (በሰከንድ 528 ንዝረት) የተቃኘ ድምፅ የዘረ መል ጉዳትን ይጠግናል እያለ ይምላል። በሌላ በኩል ደግሞ ይህን ሁሉ እንደ ቀልድ የሚያይ፣ «ዘፈን ዘፈን ነው፣ መድኃኒትም መድኃኒት» የሚል ወገን አለ። ሁለቱም አላረኩኝም። ማዜም ይጠግናል የሚለው ነገር እውነትነት አለው፤ እውነት የሚሆንበት ምክንያት ግን ገበያው ከሚነግረን እጅግ ቀላልና እጅግ የቆየ ነው። ሰው ድምፁን ለፍርድ ማቅረቡን ሲያቆም አተነፋፈሱ፣ ልቡና ሐዘኑ መውጫ ያገኛሉ። ጉዳዩን በዚህ በኩል ልግባበት።

መጀመሪያ «እኔ ዜማ አይሆንልኝም» የሚለውን እንየው። ዜማን ከዜማ መለየት በተፈጥሮው የሚያቅተው ሰው በእርግጥ አለ፤ ሁኔታው አሚውዚያ ይባላል። ኢዛቤል ፔሬትስና ዶሚኒክ ቩቫን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት፣ ከ16 ሺህ በላይ ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ ችግሩ የተገኘው በ1.5 በመቶ ላይ ብቻ ነው። ከዚያ ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ የካናዳ ጥናት ግን ከተጠየቁት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች 17 በመቶ የሚሆኑት ራሳቸውን «ጆሮዬ ዜማ አይለይም» ከሚሉት ወገን መድበው ነበር። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ሰፊ ክፍተት የጆሮ ሕመም አይደለም። ያ ክፍተት የመምህሬ ፈገግታ ነው፤ የበሩ መዘጋት፣ የሬዲዮው መጮህ ነው።

ይበልጥ የወደድኩት ደግሞ ሲሞኔ ዳላ ቤላና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጡት ሥራ ነው። በመናፈሻ ውስጥ የሚያልፉ ተራ ሰዎችን አስቁመው ሁሉም የሚያውቀውን አንድ ዜማ እንዲያዜሙ ለመኗቸው። የአብዛኞቹ አዘማመር ከሙያተኛው ብዙም የማይርቅ ሆኖ ተገኘ፤ የሚለዩት በዋናነት በጥድፊያቸው ነበር። ቀስ እንዲሉ ሲደረግ ደግሞ ከቃና መውጣቱ በጉልህ ቀነሰ። ሰው ሲያፍር ይጣደፋል። ሲጣደፍ ከዜማው ይወጣል። ከዜማው ሲወጣ ደግሞ ቀድሞ የተባለው ትክክል ይመስለዋል። የምር ከቃና የሚወጡትም ቢሆኑ አብዛኞቹ ጆሯቸው ጤነኛ ነው፤ የሚሰሙትን ወደ ማንቁርታቸው ማስተላለፉ ነው የሚያስቸግራቸው። ይህ ደግሞ እንደ ብስክሌት መንዳት በልምምድ የሚሻሻል ነገር ነው።

ታዲያ ፍርዱ ለምን እንዲህ ከበደ? አንዱ ምክንያት ጆሯችን የሚያወዳድርበት ሚዛን መለወጡ ይመስለኛል። ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1877 ፎኖግራፍን እስኪሠራ ድረስ ሰው የሚሰማው ዜማ ሁሉ በአጠገቡ ካለ ሕያው ጉሮሮ ወይም መሣሪያ የወጣ ነበር፤ ሻካራውም፣ የሚንቀጠቀጠውም፣ ትንፋሽ ያጠረውም አብሮ ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ ኦቶቲዩን መጣ። የፈጠረው አንዲ ሂልደብራንድ ቀደም ሲል ለነዳጅ ፍለጋ የምድርን ንዝረት ሲተነትን የኖረ መሐንዲስ ነው፤ ያንኑ የስሌት ጥበብ ወደ ሰው ድምፅ አዞረውና ከቃና የወጣን ድምፅ ወደ ቃናው የሚመልስ መሣሪያ ሠራ። ዛሬ በጆሯችን የሚገባው ዘፈን ቀላል የማይባለው ክፍል በእንዲህ ዓይነት መሣሪያ የተላገ ነው። በማሽን ከተላገ ድምፅ ጋር የጠዋት ጉሮሮውን የሚያወዳድር ሰው ቀድሞውኑ ተሸንፏል።

ይህ ፍርድ የከበደበት ሰው ሰሞኑን ድምፁን ፍለጋ የወጣው ለምንድን ነው? እዚህ ላይ የኮቪድ ወረርሽኝ ይመጣል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2020 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ በስካጂት አውራጃ፣ 61 ሰዎች ለሁለት ሰዓት ተኩል የዝማሬ ልምምድ ተሰበሰቡ። 53ቱ ታመሙ (33ቱ በምርመራ የተረጋገጠ፣ 20ዎቹ በምልክት)፤ ሁለቱ ሞቱ። ከዚያ በኋላ በብዙ አገር አብሮ መዘመር እንደ አደገኛ ነገር ተከለከለ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ብዙ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የጎደለውን ነገር ለየ። አሁን የምናየው የ«ድምፅ ፈውስ» ፍላጎት ከዚያ ጉድለት የተወለደ ይመስለኛል፤ ይህ ግን የኔ ግምት ነው።

ጉሮሮና ልብ

ሳይንሱ የሚያውቀው ነገር ያን ያህል የተወሳሰበ አይደለም። በማንቁርት ውስጥ ያሉት ሁለቱ የድምፅ አውታሮች በአዋቂ ወንድ ቢበዛ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ናቸው፤ በሴት ደግሞ ያጥራሉ። አዋቂ ወንድ ሲናገር በሰከንድ 110 ጊዜ ገደማ፣ ሴት ስትናገር 200 ጊዜ ገደማ ይርገበገባሉ። አዲስ የተወለደ ሕፃን ሲያለቅስ ከ400 ያልፋል። እነዚህን አውታሮች የሚያዝዘው የቬገስ ነርቭ ቅርንጫፍ ነው። የግራው ቅርንጫፍ መንገዱ አስገራሚ ነው፤ በቀጥታ ወደ ማንቁርት መሄድ ሲችል አንገትን አልፎ ወደ ደረት ይወርዳል፣ ከልብ በሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ ሥር ይዞርና ወደ ላይ ይመለሳል። ድምፃችን ከልብ በላይ ደርሶ ይመጣል ማለት ነው። (ይህ ውብ ነገር ነው፤ ማስረጃ ግን አይደለም። ገበያው እንዲህ ዓይነቱን ውብ ነገር እንደ ማስረጃ ሲቸረችረው አይቻለሁ።)

ማስረጃ የሚባለው እስትንፋስ ላይ ነው። አየር ስንስብ የልብ ምት ትንሽ ይፈጥናል፤ ስናወጣ ይዘገያል። ማዜም ማለት ደግሞ በአጭር ስቦ በረጅሙ ማውጣት ነው። ሳናውቀው፣ የመስመሩ ርዝመት እያዘዘን፣ ትንፋሻችንን እናረዝማለን። ሉቺያኖ በርናርዲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት 23 ጤነኛ ሰዎች የላቲኑን «አቬ ማሪያ» ጸሎትና የዮጋ ማንትራ (እየተደጋገመ የሚባል ቅዱስ ቃል) እንዲደጋግሙ አደረጉ። ሁለቱም፣ ከሁለት የተራራቀ እምነት መጥተው፣ አተነፋፈስን በደቂቃ ወደ ስድስት ገደማ አወረዱት፤ ይህም የደም ግፊት በተፈጥሮው ከሚወጣና ከሚወርድበት ምት ጋር የሚገጥም ፍጥነት ነው። ተመራማሪዎቹ ስለ አምላክ ያሉት ነገር የለም። እኔ ግን ስንት ትውልድ ያለ መለኪያ መሣሪያ፣ በጆሮና በትንፋሽ ብቻ፣ እዚያች ስድስት ላይ መድረሱን ሳስብ እደነቃለሁ።

ስለ ማንጎራጎር ደግሞ አንድ የተለካ ነገር አለ። በስዊድን ካሮሊንስካ ተቋም ኤዲ ቫይትስበርግና ዮን ሉንድበሪ እ.ኤ.አ. በ2002 እንዳሳዩት፣ አፍን ዘግቶ ሲያንጎራጉሩ ከአፍንጫ የሚወጣው ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ዝም ብሎ ከመተንፈስ ጋር ሲነጻጸር ወደ 15 እጥፍ ይጨምራል። ንዝረቱ በአፍንጫ ዙሪያ ባሉት ክፍት ቦታዎች ውስጥ ያለውን አየር ስለሚያስወጣው ነው። ኢንተርኔቱ ከዚህ ተነሥቶ «ማንጎራጎር ደም ያጠራል፣ ቫይረስ ይገድላል» ይላል። ጥናቱ ያለው ግን አየሩ ተለዋወጠ ነው። ሌላው ሁሉ ጭማሪ ነው።

528 ኸርዝስ? በዚያ ቁጥር የሚርገበገብ ድምፅ ዘረ መልን እንደሚጠግን የሚያሳይ ተቀባይነት ያለው ማስረጃ የለም። ከዚህ በላይ ቦታ አልሰጠውም።

አንድ ነገር ግን በቁጥር ባይለካም ልምምድ የጀመረ ሁሉ ያውቀዋል፤ እሱም ሳግ ነው። ከዓመታት በኋላ መጀመሪያ ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ሰው ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው መስመር ላይ ሳግ ይተናነቀዋል። ያዘነ መስሎት ይደነግጣል። ለቅሶና ዜማ የሚጠቀሙት በአንድ ደረት፣ በአንድ ማንቁርት፣ በአንድ ትንፋሽ ነው። አንዱን ለማፈን የጠበቀ ጉሮሮ ሌላውንም አፍኖ ይኖራል። ሲላላ ሁለቱም ይመጣሉ፤ ሆድ የባሰው ሰው ሲያንጎራጉር እንባው የሚቀድመው ለዚህ ነው።

የቆሰለው ወታደር ጩኸት

ዛሬ «ድምፅን ነጻ ማውጣት» እየተባለ የሚሸጠው ነገር አንዱ ሥሩ፣ ሻጮቹ ባያውቁትም፣ ወደ አንድ ሰው ይመለሳል። አልፍሬድ ቮልፍዞን እ.ኤ.አ. በ1896 በርሊን ተወለደ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ገና ጎረምሳ ሳለ ወደ ምሽግ ተላከ። እዚያ በጭቃ ውስጥ ሆኖ እርዳታ የሚለምን የቆሰለ ወታደር ጩኸት ሰማ፤ ሊደርስለት ግን አልቻለም። ጦርነቱ አለቀ፤ ጩኸቱ ግን አላለቀም። በጆሮው ውስጥ ይሰማው ነበር፤ ሕክምናውም አልያዘለትም። በኋላ የዜማ ትምህርት ጀመረ። እዚያም ያን የሚያሳድደውን ድምፅ ከመሸሽ ይልቅ በራሱ ጉሮሮ ማውጣት ያዘ፤ የሚያስፈራውን፣ የሚሰነጠቀውን፣ ከሰው የማይመስለውን ሁሉ። እንደ ራሱ ምስክርነት ጩኸቱ ለቀቀው።

ቮልፍዞን ከዚህ ያወጣው መደምደሚያ ቀላል አልነበረም። ቆንጆ ድምፅ ብቻ ማስተማር ግማሽ ሰው ማስተማር ነው አለ። ለወንድ ይህ፣ ለሴት ያ የሚባለውን የድምፅ አጥር ናቀው፤ ተማሪዎቹን ከጎርናናው ጥግ እስከ ሰላላው ጥግ ይወስዳቸው ነበር። አይሁዳዊ ስለ ነበር እ.ኤ.አ. በ1939 ወደ ለንደን ሸሸ፤ እዚያም እስኪሞት፣ እስከ 1962 ድረስ፣ አስተማረ። በበርሊን ሳለ የሚያውቃት ወጣት ሠዓሊ ሻርሎቴ ሳሎሞን፣ በናዚዎቹ የአውሽቪትዝ የግድያ ካምፕ እ.ኤ.አ. በ1943 ከመገደሏ በፊት በሠራችው ግዙፍ የሥዕል ሥራ ውስጥ፣ እሱን ከዋነኞቹ ባለ ታሪኮች አንዱ አድርጋዋለች። ተማሪው ሮይ ሃርት ደግሞ ሥራውን ወደ ቴአትር አሻገረው።

ይህን ታሪክ ያስረዘምኩት ምክንያት አለኝ። ቮልፍዞንን የፈወሰው «አዎንታዊ ኃይል» አልነበረም። ዛሬ በየቪዲዮው የምንሰማው ለስላሳ፣ ማር የተቀባ እንጉርጉሮ ለእሱ ምን ይጠቅመው ነበር? የታፈነው ድምፅ አስቀያሚ ነበር፤ አስቀያሚነቱን ይዞ መውጣት ነበረበት። መምህሬ ያፈኑትም አስቀያሚውን ድምፄን ነው፤ ግን ሌላ አልነበረኝም።

የሚሰማው ማን ነው?

እዚህ ላይ «መንፈሳዊ» የሚለው ቃል ይመጣል። ነፍስ፣ መንፈስ፣ እስትንፋስ፣ መተንፈስ፣ ነፋስ፤ ሁሉም ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው። ስለዚህ አተነፋፈስን የሚለውጥ ልምምድ መንፈሳዊ መባሉ ለኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ይሁን እንጂ ልምምዱን መንፈሳዊ የሚያደርገው ትንፋሹ ብቻ አይመስለኝም። ዜማውን የሚሰማው ማን ነው የሚለው ጥያቄም አለ። በመድረክ ላይ የሚሰማው ተመልካች ነው፤ ተመልካች ደግሞ ይመዝናል። በጸሎት የሚሰማው ፈጣሪ ነው፤ አማኙ እንደሚያምነው ከመወለዱ በፊት የሚያውቀው። ማንንም የማያመልክ ሰው እንኳ፣ ለማንም ሳይሆን በጨለማ ክፍል ውስጥ ሲያንጎራጉር፣ ያው ፍርድ የሌለበት ቦታ ይደርሳል። የሐዋርያት ሥራ ጳውሎስና ሲላስ በወኅኒ፣ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ፣ በእኩለ ሌሊት ይዘምሩ እንደ ነበር ይናገራል። ስለ ድምፃቸው ውበት ግን አንድም ቃል የለም።

ሃይማኖቶችም ቢሆኑ ከዜማ ጋር ያላቸው ነገር ሰላማዊ ብቻ አልነበረም። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን መምህር አውግስጢኖስ በቤተ ክርስቲያን ከሚዜመው ቃል ይልቅ ዜማው ልቡን ሲወስደው እንደ በደለ ይሰማው እንደ ነበር ጽፏል። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የጀርመናዊቷ መነኩሲት፣ የቢንገኗ ሂልደጋርድ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1178፣ ሰማንያ ዓመት ሊሆናት ሲል፣ በምትመራው የሩፐርትስበርግ ገዳም አንድ ባላባት ተቀበረ። የማይንትስ የቤተ ክርስቲያን አለቆች «የተወገዘ ነው፤ አስከሬኑን አውጥታችሁ ጣሉ» አሉ። ሂልደጋርድ ከመሞቱ በፊት ከቤተ ክርስቲያን ጋር ታርቋል ብላ እምቢ አለች። ቅጣቱ መጣ፤ ቅዱስ ቁርባን ተከለከሉ፣ የሰዓታት ጸሎታቸውንም ማዜም ቀርቶ በር ዘግተው ዝቅ ባለ ድምፅ ማንበብ ብቻ ተፈቀደላቸው።

አፋችሁን ብቻ አንቀሳቅሱ ማለት ነው እኮ።

እሷም ደብዳቤ ጻፈች። አዳም ከመውደቁ በፊት ድምፁ ከመላእክት ዜማ ጋር አንድ እንደ ነበር፣ ሰው ሲዘምር ያን የጠፋ ድምፅ እንደሚያስታውስ፣ ያለ በቂ ምክንያት የእግዚአብሔርን ምስጋና ዝም የሚያሰኙ ሰዎችም በሰማይ ከሚያመሰግኑት ጋር ዕድል እንደማይኖራቸው ገለጸች። ለአለቆች የተጻፈ መሆኑ ሲታሰብ ድፍረቱ አይጣል ነው። እገዳው በ1179 ተነሣ፤ እሷም በዚያው ዓመት መስከረም አረፈች። እስከ ሞቷ የቀሩትን ወራት ገዳሟ እያዜመ አሳለፈ። ዜማ ለሂልደጋርድ የጸሎቱ ጌጥ አልነበረም፤ የጠፋ ነገር የሚታወስበት መንገድ ነበር። «ድምፅን መልሶ ማግኘት» ስንል አዲስ ነገር ያገኘን የሚመስለን ሰዎች ይህን ደብዳቤ ብናውቀው ትንሽ እንረጋጋ ነበር።

ምን ያህል ይሠራል?

ወደ ዛሬው ልመለስ። ከወሊድ በኋላ የመንፈስ ጭንቀት የያዛቸው 134 እናቶች የተሳተፉበትና ዴዚ ፋንኮርትና ሮዚ ፐርኪንስ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት ጥናት ለአሥር ሳምንት የቆየ ነበር። ከሕፃናቸው ጋር በቡድን ያዜሙት እናቶች፣ በተለይ ሕመሙ የጠናባቸው፣ በቶሎ ተሻላቸው። አሥሩ ሳምንት ሲያልቅ ግን ያላዜሙት ሌሎቹ ቡድኖችም ተሻሽለው ነበር። በእንግሊዝ ደግሞ ኮቪድ ለቋቸው ትንፋሽ ማጠሩ ያልለቀቃቸው 150 ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ ተደርጓል፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2022 ወጣ። የእንግሊዝ ብሔራዊ ኦፔራ ባለሙያዎች እሹሩሩን እየተጠቀሙ ለስድስት ሳምንት በኢንተርኔት አተነፋፈስና ዜማ አስተማሯቸው። አእምሯዊ ደህንነታቸው ተሻሻለ፤ አካላዊው ልኬት ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። ስለ አብሮነትም ቢሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ጥናት ዜማ የሚማሩ ቡድኖች ከእጅ ሥራና ከጽሑፍ ቡድኖች ፈጥነው ተቀራረቡ፤ ከሰባት ወር በኋላ ግን ሁሉም እኩል ሆኑ።

እነዚህን ውጤቶች የሚያጣጥል ሰው «ታዲያ ምን ትርፍ አለው?» ይላል። እኔ ደግሞ በጨለማ ውስጥ ላለች እናት ጥቂት ሳምንት ቀድሞ መሻል ስንት ሌሊት እንደ ሆነ እንዲቆጥር እጋብዘዋለሁ። ዜማ በሩን ቶሎ ይከፍታል። ከሐኪም የተሻለ ነው ያለ ጥናት ግን የለም፤ መድኃኒታችሁን ጥላችሁ ዘምሩ የሚል አሠልጣኝ ካጋጠማችሁ ውጡ።

ሌላም ሥጋት አለ። ቮልፍዞን የሄደበትን መንገድ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ሥልጠና ለማስኬድ የሚሞክሩ አሉ። ሠላሳና አርባ ሰው በአንድ አዳራሽ ውስጥ እንዲጮኽ ይደረጋል፤ የቆየ ቁስል ያለበት ሰው ይከፈታል፤ እሑድ ማታ ሁሉም ወደ ቤቱ ይበተናል። የተከፈተውን ማን ይዘጋዋል? የድምፅ አውታሮቹም ቢሆኑ ሥጋ ናቸው፤ በጩኸት ያብጣሉ። ድምፁ ከሦስት ሳምንት በላይ ሻክሮ የቀረ ሰው የጉሮሮ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ስትሮና ብርጭቆ

የኔ ነገር የተጀመረው በሥልጠና አይደለም። ልጄ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ትኩሳት ይዟት ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ደረቴ ላይ አስተኝቻታለሁ። ተረቱ አልቋል፤ መድኃኒቱን ሰጥቻታለሁ፤ ሌላ የማደርገው ነገር ጠፋኝ። አፌን ዘግቼ እንዲሁ ማንጎራጎር ጀመርኩ፤ ዜማ እንኳ አልነበረም፣ ሁለት ቃና ላይ የሚመላለስ ነገር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጆሮዋን ከደረቴ ሳታነሣ «አባዬ፣ ደረትህ ውስጥ ንብ አለ» አለችኝ። ቆምኩ። «አታቁመው» አለች።

ከዚያ በኋላ ያነበብኩትና የሞከርኩት ከዚያች ሌሊት ብዙም አይርቅም። ድምፅ የሚያሟሹ ሰዎች ከሚጠቀሙባቸው ነገሮች የጠቀመኝ፣ ኢንጎ ቲትዚ የተባለ አሜሪካዊ የድምፅ ተመራማሪ በሰፊው ያስተዋወቀው የስትሮ ልምምድ ነው። በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ስትሮ ታስገባለህ፤ በስትሮው ውስጥ እያንጎራጎርክ ውኃውን ታንቦጫርቃለህ። ወደ ኋላ የሚመለሰው የአየር ግፊት አውታሮቹ ሳይጋጩ በለስላሳው እንዲርገበገቡ ይረዳቸዋል። ለኔ ግን ከዚህ የበለጠ ጥቅም ነበረው፤ በስትሮ ውኃ እያንቦጫረቀ የሚያዜም ሰው ቆንጆ ድምፅ ለማውጣት መጣር አይችልም። ያስቃል። ፍርዱ እዚያው ውኃ ውስጥ ይቀራል።

ቀጥሎ የሚመጣው ፈተና የራስን ድምፅ በስልክ ቀድቶ መስማት ነው፤ እኔ ለጀማሪ አልመክረውም። ስንናገር ድምፃችንን በአየር ብቻ ሳይሆን በአጥንታችንም በኩል ስለምንሰማው ወፈር ብሎ ይታወቀናል፤ በቅጂው የአጥንቱ ድርሻ ይቀራል፣ ሰላላና የሌላ ሰው ሆኖ ይሰማል። ያ ድንጋጤ ስንቱን ከበሩ እንደ መለሰው! የሚሻለው በልጅነት የሚታወቅ አንድ አጭር ዜማ መምረጥ፣ ጉሮሮው የሚመቸው ከፍታ ላይ ማውረድና ከለመዱት ፍጥነት በግማሽ ቀስ ብሎ መድገም ነው። ያው አንዱን ዜማ፣ በየቀኑ። ዜማ መቀያየር ወደ መድረክ ይመልሳል፤ መደጋገም ግን ወደ ጸሎት ይጠጋል።

እኔ ጠዋት ጠዋት፣ ቤተ ሰቡ ሳይነሣ፣ ወጥ ቤት ቆሜ አደርገዋለሁ። መጀመሪያ ስትሮው፣ ከዚያ አፍ ዘግቶ ማንጎራጎር፣ ከዚያ ያኔ በበዓሉ ቀን አፌን ብቻ ያንቀሳቀስኩበት መዝሙር። ቃሉን ሁሉ አስታውሰዋለሁ፤ ከንፈሬ ሠላሳ ዓመት ይዞት ኖሯል። ሦስተኛው መስመር ላይ ዜማው ወደ ላይ ይወጣል። ትናንት እዚያ ስደርስ ከቃና ወጣሁ። ቀስ ብዬ ደገምኩት፤ አሁንም ወጣሁ። ከመኝታ ቤት «ንቡ ተነሣ?» የሚል ድምፅ መጣ። ተነሥቷል አልኩና ከሦስተኛው መስመር ጀመርኩ።